የቆዩ መኪኖች የነዳጅ ኢንጀክሽን ችግሮች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ መልሶች የተዘጋጁት ቦሽ የሠራቸው ኬ-ጄትሮኒክ፣ ኬኢ-ጄትሮኒክ ወይም ኤል-ጄትሮኒክ ኢንጀክሽን (ቤንዚኑን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚረጭ መሣሪያ) የተገጠመላቸውን የቆዩ የቤንዚን መኪኖች በአዲስ አበባ ለሚነዱና ለሚጠግኑ ሰዎች ነው።

መኪናዬ ኢንጀክሽን ይሁን ካርቡሬተር፣ ኢንጀክሽን ከሆነስ የትኛው ዓይነት እንደሆነ እንዴት አውቃለሁ?

በመርሴዲስ መኪኖች ላይ 230ኢ፣ 280ኢ ወይም 190ኢ ተብሎ ከኋላ የሚጻፈው ፊደል በጀርመንኛ «መርጨት» ከሚለው ቃል የተወሰደ ስለሆነ፣ ባለኢንጀክሽን መሆኑን ራሱ ይናገራል። በከተማችን በብዛት የሚታዩት ቮልስዋገኖች ግን አብዛኞቹ ባለካርቡሬተር በመሆናቸው ከዚህ በታች ያለው ማብራሪያ እነርሱን አይመለከትም።

ኮፈኑን ከፍተው የኢንጀክተሮቹን ጫፍ ይመልከቱ። ከአንድ የብረት ማከፋፈያ ተነሥተው ወደየሲሊንደሩ የሚሄዱ ቀጫጭን የነዳጅ ቱቦዎች ካሉና በኢንጀክተሮቹ ላይ ምንም የኤሌክትሪክ ሽቦ ከሌለ፣ ዓይነቱ ኬ-ጄትሮኒክ ነው፤ ነዳጁን ያለማቋረጥ ይረጫል፣ ስሙም በጀርመንኛ «የማያቋርጥ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ማከፋፈያው ያው ሆኖ በጎኑ ላይ ሽቦ የተሰካበት ትንሽ ጠፍጣፋ ዕቃ በብሎን ታስሮ ከታየ ኬኢ-ጄትሮኒክ ነው። በእያንዳንዱ ኢንጀክተር ራስ ላይ የኤሌክትሪክ ሶኬት ካለ ደግሞ ኤል-ጄትሮኒክ ወይም የእርሱ ዘመድ ነው። ኬ-ጄትሮኒክ እ.ኤ.አ. በ1973 በፖርሽ 911፣ ኬኢ-ጄትሮኒክ ደግሞ በ1982 በመርሴዲስ 190ኢ ላይ ወጥተዋል። ዓይነቱን ሳይለዩ የሚደረግ ምርመራ ገንዘብም ጊዜም ያባክናል፤ የአንዱ ትክክለኛ ግፊት ለሌላው ብልሽት ነውና።

ራሴ ልነካው እችላለሁ?

ማየት፣ ማዳመጥና መለካት ይችላሉ። ይሁን እንጂ በኬ-ጄትሮኒክ ቱቦዎች ውስጥ ያለው ቤንዚን እስከ 5 ባር አካባቢ በሚደርስ ግፊት ስለሚጠበቅ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ከቆየ በኋላ እንኳ ማያያዣው ሲፈታ በኃይል ሊረጭ ይችላል። ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ምንም ዓይነት የነዳጅ ማያያዣ አይፍቱ፤ ብሎኑን ሲያላሉ በጨርቅ ይሸፍኑት፤ የእሳት ማጥፊያ ከአጠገብዎ ያኑሩ። በከተማችን ጎዳናዎች ዳር ኮፈን ተከፍቶ ሲሠራ ሲጋራ የያዘ ሰው ጎንበስ ብሎ ሲመለከት ማየት የተለመደ ነው። ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት እንዲህ ያለውን ሰው ከመኪናው ማራቅ የእርስዎ ኃላፊነት ነው።

ሞተሪኖው በደንብ ያዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሣም። ከየት ልጀምር?

ከካንዴላ ይጀምሩ። ኢንጀክሽኑ ጥፋተኛ ነው ተብሎ ወደ ጋራዥ ከሚመጡት መኪኖች ብዙዎቹ ችግራቸው የእሳት ብልጭታ ነው፤ በተለይ በክረምት በዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ውስጥ እርጥበት ሲገባ። ብልጭታ ካለ ቀጥሎ የነዳጁን ፓምፕ ያዳምጡ። አንድ ሰው ቁልፉን ሲከፍት እርስዎ ከኋላ ጎማው አጠገብ ጎንበስ ብለው ጆሮዎን ይስጡ፤ በብዙዎቹ ሞዴሎች ፓምፑ ለአንድ ሰከንድ ያህል ጉምም ብሎ ዝም ይላል፣ ሞተሪኖው ሲያዞርም እንደገና ይሠራል።

ድምፅ ከሌለ ፓምፑን ከመግዛትዎ በፊት ፊውዙንና ሪሌውን (ለፓምፑ ኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ) ይመርምሩ። ፋብሪካው ደብሊው 123 በሚል የሞዴል መለያ በሚጠራቸው መርሴዲሶች ላይ ያሉት ጥይት መሰል ፊውዞች የአሉሚኒየም ከሆኑ ጫፋቸው ነጭ ዱቄት ያበቅላል፤ ሽቦው ሳይቃጠል፣ ለዓይንም ጤነኛ መስሎ፣ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ፊውዙን በጣትዎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያሽከረክሩት ፓምፑ ከተነሣ ምክንያቱ ተገኝቷል፤ መቀመጫውን ጠርገው ባለመዳብ ፊውዝ ይተኩበት። ይህ በጣም ርካሽ ጥገና ሆኖ ሳለ ስንት ፓምፕ በከንቱ እንደተቀየረበት ሳስብ ያሳዝነኛል።

ፊውዙ ደኅና ከሆነ ሪሌውን ነቅለው፣ በሶኬቱ ላይ 30 እና 87 የሚል ምልክት ያላቸውን ቀዳዳዎች ፊውዝ ባለው አጭር ሽቦ ያገናኙ። ፓምፑ ከሠራ ችግሩ ከሪሌው ወይም ለሪሌው ከሚደርሰው የሞተር መዞር ምልክት ነው። የእነዚህ ሪሌዎች የውስጥ ብየዳ በዕድሜ ብዛት ስለሚሰነጠቅ፣ ክዳናቸው ተከፍቶ እንደገና ሲበየዱ ብዙዎቹ ይድናሉ። በቀጥታ ተገናኝቶም ፓምፑ ካልሠራ፣ ከፓምፑ እግር ላይ ቮልቴጁን ይለኩ፤ 11.5 ቮልትና ከዚያ በላይ እየደረሰው ዝም ካለ ፓምፑ ራሱ አብቅቶለታል።

ጠዋት ጠዋት ለመነሣት ያስቸግራል፤ ከሞቀ በኋላ ግን ችግር የለበትም። ለምን?

የቀዘቀዘ ሞተር ወፈር ያለ፣ ማለትም ከአየሩ አንጻር ቤንዚን የበዛበት፣ የነዳጅ ድብልቅ ይፈልጋል። በአዲስ አበባ ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ፣ ለቅዝቃዜ ማስነሻ የተሠሩት ክፍሎች ድካማቸው የሚጋለጠው ያን ጊዜ ነው። የመጀመሪያው በሞተሩ የአየር ማስገቢያ ላይ ያለው የቅዝቃዜ ማስነሻ ኢንጀክተር ሲሆን፣ ሞተሪኖው በሚያዞርበት ጊዜ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ተጨማሪ ቤንዚን ይረጫል። ነቅለው በብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ አስገብተው፣ የካንዴላ ገመዶቹን አስወግደው፣ በቀዝቃዛ ሞተር ያሳዙሩ፤ እንደ ጭጋግ ተበትኖ መርጨት አለበት። ከዚያ ጫፉን ጠርገው አንድ ደቂቃ ይጠብቁ፤ ጠብታ ከታየበት ይቀየር፣ ሞተሩ ሞቆ ሲቆም የሚያንጠባጥበው እርሱ ነውና።

ሁለተኛው፣ በኬ-ጄትሮኒክ ላይ ብቻ የሚገኘው የማሞቂያ ግፊት መቆጣጠሪያ ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የመቆጣጠሪያ ግፊቱን ዝቅ፣ ሲሞቅ ከፍ ያደርጋል፤ ግፊቱ ዝቅ ሲል የአየር መለኪያው ሳህን (ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር የሚገፋው ክብ ሳህን) በቀላሉ ይንቀሳቀሳልና ድብልቁ ይወፍራል። ከመግቢያው ላይ ያለችው ደቃቅ ወንፊት በዝገት ስትደፈን ወይም የኤሌክትሪክ ማሞቂያው ሶኬት ሲላቀቅ ሥራው ይዛባል። በኬኢ እና በኤል-ጄትሮኒክ ይህን ሥራ የሚሠራው የሞተሩን ውኃ ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ነው፤ በ20 ዲግሪ ሙቀት 2,500 ኦም አካባቢ፣ በ80 ዲግሪ 300 ኦም አካባቢ ማሳየት ይገባዋል። ከዚህ በጣም ከራቀ ሴንሰሩን ይቀይሩ፤ ሶኬቱንም ሳያጸዱ አይለፉ።

ሞተሩ ሞቆ ሳጠፋው፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ እንደገና ለማስነሣት ለምን እቸገራለሁ?

ባለቤቶች በጣም የሚያማርሩበት ችግር ይህ ነው፤ ቡና ለመጠጣት ወርደው ሲመለሱ መኪናው እምቢ ይላል። ሞተሩ ሲጠፋ የማቀዝቀዣው አየርና ውኃ ስለሚቆም፣ ሙቀቱ ወደ ነዳጅ ቱቦዎቹ ይወጣል። ቤንዚኑ እንዳይፈላ የሚያደርገው በቱቦው ውስጥ የሚቀረው ግፊት ብቻ ነው። ያ ግፊት ከጠፋ ቤንዚኑ ወደ ጋዝ ይለወጥና ኢንጀክተሮቹ በነዳጅ ፈንታ አረፋ ይተፋሉ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር አካባቢ በመሆኗ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ውኃ እንኳ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ ጅቡቲ ላይ ሊታለፍ የሚችል ትንሽ የግፊት መፍሰስ እዚህ መኪናውን ሊያስቆም ይችላል።

ቀላሉ ፈተና ይህ ነው፦ ሞተሪኖውን ሳያዞሩ ቁልፉን ከፍተው ይዝጉ፤ ፓምፑ ለአንድ ሰከንድ ይሠራል። ይህን አምስት ስድስት ጊዜ ደጋግመው ከዚያ ቢያዞሩ ወዲያው የሚነሣ ከሆነ የጠፋው ቀሪ ግፊት ነው። ግፊት መለኪያ ያለው ባለሙያ ደግሞ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ለሠላሳ ደቂቃ ያህል ይከታተለዋል፤ በብዙዎቹ የመርሴዲስ ሞዴሎች ግፊቱ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከ2.5 ባር በታች መውረድ የለበትም።

ግፊቱ የሚያመልጥባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው፦ በፓምፑ መውጫ ላይ ያለው መላሽ ቫልቭ (ቤንዚኑ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክለው)፣ የነዳጅ ግፊት ማቆያው፣ የሲስተም ግፊት መቆጣጠሪያው፣ የሚያንጠባጥቡ ኢንጀክተሮች። ከፓምፑ አጠገብ የሚገኘውን ክብ የብረት ማቆያ ለመፈተን ከኋላው የሚወጣውን ቀጭን ቱቦ ይንቀሉ፤ ከዚያ ቤንዚን ከወጣ የውስጡ ጎማ ተቀዷል፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። መላሽ ቫልቩ በብዙ ፓምፖች ላይ ለብቻው የሚፈታ በመሆኑ ፓምፑን በሙሉ እንዲቀይሩ የሚነግርዎትን ሰው መጀመሪያ ይህን ይጠይቁት።

ሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም መብራት ላይ ስቆም ይጠፋል። ኢንጀክተሮቹ ቆሽሸው ይሆን?

ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሳይለካ የሚገባ አየር ነው። እነዚህ ሲስተሞች የሚረጩትን ነዳጅ የሚወስኑት በመለኪያው ውስጥ ባለፈው አየር ልክ ነው። ከመለኪያው በኋላ በተሰነጠቀ ጎማ በኩል ሾልኮ የሚገባ አየር አይቆጠርም፤ ለእርሱ የሚሆን ነዳጅም አይረጭም። ድብልቁ ይቀጥናል፣ ሞተሩም በዝቅተኛ ዙር ይንገዳገዳል። በካርቡሬተር መኪና ላይ ብዙም የማያስቸግር ቀዳዳ እዚህ ሞተሩን ያጠፋል።

ቀላል ፈተና አለ። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ያንሱ። የሞተሩ ትንፋሽ ከአየር ማስገቢያው ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ጤነኛ ሲስተም ወዲያው ይደነግጣል፤ ዙሩ ይወርዳል ወይም ሞተሩ ይጠፋል። ክዳኑ ተነሥቶም ምንም ለውጥ ካልተሰማ ሌላ ትልቅ ቀዳዳ ቀድሞ ተከፍቷል ማለት ነው።

በራሴ 230ኢ ላይ ይህን ችግር ለማግኘት ሦስት ወር ፈጅቶብኛል። ካንዴላዎቹ ተቀየሩ፣ ፊልትሮው ተቀየረ፣ አንድ ጋራዥም ፓምፑን አስቀየረኝ፤ መንቀጥቀጡ ግን አልቆመም። በመጨረሻ የአየር መለኪያውን አንሥቼ ከሥሩ ያለውን ወፍራም ጥቁር ጎማ በእጄ አጠፍኩት። ቀጥ ብሎ ሲታይ ምንም እንከን የለበትም ነበር፤ ሲታጠፍ ግን በእጥፋቱ ውስጥ የጥፍር ርዝመት ያለው ስንጥቅ ከንፈሩን ከፈተ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንኛውንም የአየር ጎማ ሳላጥፍ ጤነኛ ነው ብዬ አላውቅም። የኢንጀክተሮቹን ኦሪንጎችም (የጎማ ቀለበቶች) እንዲሁ ይመርምሩ፤ ሲደርቁ እንደ ፕላስቲክ ይጠነክራሉ፣ በዙሪያቸውም አየር ያስገባሉ።

ጥቁር ጭስ ያጨሳል፣ ቤንዚንም ይበላል። ከፍታው ነው የሚሉኝ እውነት ነው?

በከፊል እውነት ነው። በሳህን ወይም በበር አየር የሚለኩ መሣሪያዎች የሚያነቡት የአየሩን ግፊያ እንጂ ክብደቱን በትክክል አይደለም፤ ስለዚህ ስስ በሆነው የአዲስ አበባ አየር ከሚገባው በላይ ነዳጅ ይለቃሉ። ለዝቅተኛ አገር የተስተካከለ መኪና እዚህ ሲመጣ ድብልቁ በአሥር በመቶ አካባቢ ይወፍራል። አንዳንድ ሞዴሎች ከፍታውን የሚያርም ክፍል ከፋብሪካው ተገጥሞላቸው ይመጣሉ፣ ብዙዎቹ ግን የላቸውም።

ነገር ግን ከፍታ ብቻውን ካንዴላን በጥላሸት አይቀብርም። ጭሱ በዓይን የሚታይ ከሆነ የአየር ፊልትሮውን፣ የሚያንጠባጥበውን የቅዝቃዜ ማስነሻ፣ የተበላሸውን የሙቀት ሴንሰርና የተዘጋውን የነዳጅ መመለሻ ቱቦ ይፈትሹ። የሞተር ዘይቱን መለኪያ ዘንግ አውጥተው ያሽትቱ፤ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ዘይቱን ሳይቀይሩ መንዳት ሞተሩን ይጎዳል።

የቸርችልን ዳገት ስወጣ ጉልበት ያጣል፤ ሜዳ ላይ ግን ደኅና ነው። ምን ልፈትሽ?

ከለገሃር ወደ ፒያሳ የሚወጣው የቸርችል ጎዳና ለዚህ ዓይነቱ ችግር ጥሩ መፈተኛ ነው። ሞተሩ ጫና ሲበዛበት ብዙ ነዳጅ ይጠይቃል፤ የሚደርሰው መጠን ሲያንስ ይሸነፋል። እዚህ ላይ ግፊት ብቻ መለካት ያታልላል፤ በተደፈነ ፊልትሮም ቢሆን ሚኒሞ ላይ ግፊቱ ሙሉ ሊሆን ይችላልና። መለካት ያለበት የነዳጁ ብዛት ነው። የመመለሻ ቱቦውን ወደ ንጹሕ ዕቃ አዙረው ፓምፑን በቀጥታ ሲያሠሩት በ40 ሰከንድ ውስጥ ቢያንስ 1 ሊትር መሙላት አለበት።

ካልሞላ ፊልትሮውን ይቀይሩ፣ ከዚያ በነዳጅ ታንኩ ሥር ያለውን ወንፊት ያጽዱ። ወረፋ በረዘመባቸው ወራት ከጀሪካን የተቀዳ ቤንዚን የሞሉ መኪኖች ታንካቸው ውስጥ አሸዋ፣ ዝገትና ውኃ ይገኛል። ሁለቱም ንጹሕ ሆነው መጠኑ ካልተሻሻለ ፓምፑን መቀየር ተገቢ ነው።

ግፊቱ ስንት መሆን አለበት?

እንደ ሞዴሉ ይለያያል፤ የመኪናዎን የጥገና መጽሐፍ ሳያዩ የመጨረሻ ውሳኔ አይስጡ። ለግምት ያህል በኬ-ጄትሮኒክ የሲስተሙ ግፊት ከ4.5 እስከ 5.5 ባር፣ ሞተሩ ሲሞቅ የመቆጣጠሪያ ግፊቱ ከ3.4 እስከ 3.8 ባር አካባቢ ነው። በመርሴዲስ ኬኢ-ጄትሮኒክ ሲስተሙ ከ5.3 እስከ 5.5 ባር ይይዛል። ኤል-ጄትሮኒክ ግን በ2.5 ወይም በ3 ባር ነው የሚሠራው። መለኪያው እስከ 10 ባር የሚያነብና ከማከፋፈያው ጋር የሚገጥም ማያያዣ ያለው መሆን አለበት፤ የጎማ ንፋስ መለኪያ ለዚህ አይሆንም።

ቆሞ የከረመ መኪና ገዛሁ። በቀጥታ ላስነሣው?

አይሆንም። አሮጌው ቤንዚን ወደ ሙጫነት ተለውጦ፣ በማከፋፈያው ውስጥ ያለው እጅግ በጥቂቱ ተሞርዶ የተሠራ ፒስተን ላይ ይጋገራል። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ቤንዚን 5 በመቶ፣ ኋላም 10 በመቶ ኤታኖል እየተቀላቀለ ይሸጥ ነበር፤ በዚያ ዘመን ነዳጅ እንደያዙ የቆሙ መኪኖች ላይ ኤታኖሉ ውኃ ስቦ ታንኩን ከውስጥ ያዝገዋል፣ የቆዩ ጎማዎችንም ያደርቃል።

ታንኩን ባዶ አድርገው ያጽዱ፣ ጎማዎቹንና ፊልትሮውን ይቀይሩ፤ ከዚያ ብቻ ፓምፑን ያሠሩ። ግፊቱ ሲሞላ የአየር መለኪያውን ሳህን እንደ ሞዴሉ ወደ ታች እየገፉ ወይም ወደ ላይ እየሳቡ ይሞክሩ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ተቃውሞው እኩል ሊሆን ይገባል። መሐል ላይ የሚይዝ ከሆነ ሳህኑ ከጎኑ እየተፋተገ ነው ወይም ፒስተኑ ተጣብቋል። ፒስተኑን በፒንሳ መያዝ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ማከፋፈያውን ለዘለቄታው ያበላሻል፤ በንጹሕ ማሟሚያ ነክሮ ማቆየት የሚሻል መንገድ ነው።

መለዋወጫ ከየት አገኛለሁ?

መርካቶ ሶማሌ ተራና የተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሱቆች ጥሩ መነሻ ናቸው። የመኪናውን ስም ብቻ ይዘው አይሂዱ፤ በዕቃው ላይ የተቀረጸውን የቦሽ ቁጥር ጽፈው ይሂዱ። በ0 438 100 የሚጀምረው ማከፋፈያ፣ በ0 438 140 የሚጀምረው የማሞቂያ ግፊት መቆጣጠሪያ፣ በ0 437 502 የሚጀምረው የኬ-ጄትሮኒክ ኢንጀክተር ነው። የመጨረሻዎቹ አሃዞች ካልገጠሙ፣ መልኩ አንድ ዓይነት ቢሆንም የውስጥ ልኩ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ያገለገለ ማከፋፈያ መግዛት ግድ ከሆነ የቱቦ ቀዳዳዎቹ ተደፍነው የተቀመጠውን ይምረጡ፤ አቧራ የገባበት ዋጋ የለውም። በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በመከልከሉ፣ የቆዩትን በአግባቡ ጠግኖ ማቆየት ከወትሮው የበለጠ ትርጉም አለው። ስለዚህ የተነቀለውን አሮጌ ዕቃ ለጋራዡ አይተዉ፤ ይዘውት ይሂዱ።

ባለሙያው የድብልቁን ማስተካከያ ብሎን አዙሮ «ተስተካክሏል» አለኝ። በዚህ ልተማመን?

ሳይለካ የተዞረ ብሎን ምንም አላስተካከለም፤ ሁለተኛ ብልሽት ጨምሯል። በ3 ሚሊሜትር አለን ቁልፍ የምትዞረው ይህች ብሎን በጣም ስሱ ስለሆነች፣ የሩብ ዙር ሩብ እንኳ ሞተሩን ከመጠን በላይ ያወፍረዋል ወይም ያቀጥነዋል። የአየር ቀዳዳ ያለበትን ሞተር ድብልቁን በማወፈር ማረጋጋት ይቻላል፤ ነገር ግን ቀዳዳው ሲደፈን ወይም ሌላ ባለሙያ ሲያየው የመጀመሪያው ልክ የት እንደነበር አይታወቅም።

ብሎኗ የምትነካው የአየር ቀዳዳ አለመኖሩ፣ ብልጭታውና ግፊቶቹ ትክክል መሆናቸው ከተረጋገጠ በኋላ፣ ሞተሩ በሚገባ ሞቆ፣ የጭስ መለኪያ ከማርሚታው ጋር ተያይዞ ነው። ካታሊስት (የጭስ ማጣሪያ) በሌላቸው በብዙዎቹ ሞዴሎች ሚኒሞ ላይ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከ0.5 እስከ 2 በመቶ ባለው ክልል ይስተካከላል። በየአንዳንዱ ንክኪ ቁልፉ ተነቅሎ፣ ትንሽ ነዳጅ ተሰጥቶት፣ ሞተሩ ሲረጋጋ እንደገና ይነበብ። ቁልፉ ተሰክቶ ሳለ ነዳጅ መስጠት ውስጡን ያጣምመዋል።

ሁሉን አውጥተው ካርቡሬተር ሊገጥሙልኝ ነው። ልስማማ?

አልስማማም ይበሉ። ይህ ልማድ ብዙ ጥሩ መኪናዎችን ከጥቅም ውጪ አድርጓል። የሞተሩ የአየር ማስገቢያ የተሠራው ደረቅ አየር እንዲያስተላልፍ እንጂ የነዳጅ ጭጋግ እንዲያከፋፍል አይደለም፤ ስለዚህ አንዱ ሲሊንደር ይጠግባል፣ ሌላው ይራባል። ካርቡሬተሩም ለዚህ ከፍታ ጂግለሩ (ነዳጁን በልክ የሚያሳልፈው ባለቀዳዳ ብሎን) ካልተለወጠ ራሱ ድብልቁን ያወፍራል።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን እሳት ነው። ካርቡሬተር የሚችለው ግፊት ከ0.2 እስከ 0.3 ባር አካባቢ ሲሆን፣ የድሮው ፓምፕ እንደነበረ ቀርቶ ያለ በቂ ግፊት መቀነሻ ሲያያዝ ቤንዚኑ የካርቡሬተሩን መዝጊያ ገፍቶ በጋለ ሞተር ላይ ይፈስሳል። ቀድሞ የተለወጠ መኪና ያለው ሰው ዛሬውኑ ፓምፑን ያስመርምር።

ኬኢ-ጄትሮኒክ ያለው መርሴዲሴ አንድ ቀን ደኅና ነው፣ በማግስቱ ይታመማል። የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሲስተም) መብራትም አልፎ አልፎ ይበራል። ግንኙነት አላቸው?

በደብሊው 124 እና በ190ኢ ላይ አዎ፣ ቀጥተኛ ግንኙነት አላቸው። ከባትሪው በስተጀርባ ባለው ክፍል ውስጥ፣ በራሱ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ክዳንና 10 አምፔር ፊውዝ ያለው ብርማ ሪሌ አለ። ሥራው ኤሌክትሮኒክሱን ከከፍተኛ ቮልቴጅ መጠበቅ ሲሆን፣ የኢንጀክሽኑ መቆጣጠሪያና ኤቢኤሱ ኃይል የሚያገኙት ከእርሱ ነው። የውስጥ ብየዳው ሲሰነጠቅ አንዴ ይነካካል፣ አንዴ ይለያያል። ኃይል ሲቋረጥ ሲስተሙ ያለ ኤሌክትሮኒክ እርማት በመካኒካዊ ልኩ ብቻ ይሠራል፤ ሞተሩ አይቆምም፣ ግን ቀዝቅዞ ለመነሣት ይቸገራል፣ ሚኒሞውም ይናወጣል።

መጀመሪያ ፊውዙን አውጥተው ይመልከቱ፤ ከተቃጠለ ይተኩት። ደኅና ከሆነ፣ ሞተሩ እየሠራ የሪሌውን ጎን በካቻቢቴ እጀታ ቀስ አድርገው መታ መታ ያድርጉት። ድምፁ ከተለወጠ ወይም የኤቢኤሱ መብራት ብልጭ ካለ ጥፋቱ እዚያ ነው። ምንም ካልተለወጠ በማከፋፈያው ጎን ወዳለው ኤሌክትሮ ሃይድሮሊክ ዕቃ የሚሄደውን ጅረት በሚሊአምፔር ያስለኩ፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ከፍ ብሎ፣ እየሞቀ ሲሄድ ወደ ዜሮ መቅረብ አለበት። ከመጀመሪያው ዜሮ ሆኖ የሚቀር ከሆነ ኃይሉ ወይም ሽቦው ተቋርጧል። ሞተሩ ሞቆም ከፍ እንዳለ የሚቆይ ከሆነ ወደ ውኃው ሙቀት ሴንሰር ይመለሱ፤ ሶኬቱን ነቅለው ቀዝቅዞም ሞቆም ኦሙን ይለኩ፣ ቁጥሮቹንም ከቀኑ ጋር ጽፈው ያስቀምጡ።